አንድ ኩንታል ዩሪያ ስንት አህያ ኮምፖስት ነው?

ነገሩን በሂሳብ እንጀምረው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ደህና ሆኖ የተብላላ ኮምፖስት ውስጥ ግን ናይትሮጅኑ ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዷን ኩንታል ዩሪያ ለመተካት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ኮምፖስት ያስፈልጋል። አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም፣ ከ46 እስከ 92 ምልልስ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ደረቁ ሲመዘን ነው፤ እርጥበቱ ሲጨመር ሸክሙ ይብሳል። በዚያ ላይ ኮምፖስት የያዘውን ሁሉ በአንድ ክረምት አይለቅም። ከፊሉ ለከርሞ፣ ከፊሉ ለከርሞ ወዲያ ነው።

ዩሪያው ግን በአንድ አህያ፣ በሁለት ምልልስ ያልቃል።

ኦርጋኒክ እርሻ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይህችን አህያ ይረሳታል። አንዱ ወገን «ኦርጋኒክ ገበሬ ማዳበሪያና መድኃኒት አይገዛም፣ ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነው» ይላል። ሌላው «ኦርጋኒክ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው፣ አገር አይመግብም» ይላል። ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ሥራውን ማን ይሠራል፣ ገንዘቡስ ማን ኪስ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ፍግ በነጻ ነው ይባላል። በየትኛው ቤት? ደጋ ላይ እበት ኩበት ይሆናል፤ ኩበት ደግሞ እንጀራ ይጋግራል። ኩበቱን ወደ ማሳ መውሰድ ማለት ማገዶ ከሌላ ቦታ መፈለግ ወይም መግዛት ማለት ነው። ጭዱም እንደዚያው። ለከብት ቀለብ ነው፣ ለምርጊት ነው፣ ገበያ ቢወጣም ይሸጣል። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ኮምፖስት አዘጋጁ ተብሎ በዘመቻ የተቆፈረ ጉድጓድ የዝናብ ውሃ አቁሮ ሲቀር ገበሬውን «አልገባውም» ማለት ይቀናናል። በደንብ ገብቶት እንደሆነስ?

አረምም አለ። ስንዴና ጤፍ ላይ «ቱፎርዲ» የተባለውን አረም ማጥፊያ የሚረጭ ገበሬ ማሳውን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። በእጅ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቀናት ይወስድበታል። ድሮ ወንፈል ነበር። አሁንም አለ፤ ግን ጉልበት ያለው ወጣት ከተማ ገብቷል፣ ወይም አረብ አገር ሄዷል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቱፎርዲ ርካሽ እየመሰለ ይሄዳል። ኦርጋኒክ ሲኮን ደግሞ ቱፎርዲ ክልክል ነው።

ታዲያ ኮምፖስት ለምኑ ነው? ለአፈሩ ነዋ። ዩሪያ ሰብሉን ይመግባል፤ ኮምፖስት አፈሩን ይመግባል። ውሃ ይይዛል፣ አፈሩን ያላላል፣ ዝናብ ቀደም ብሎ በቀረ ዓመት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ትግራይ ውስጥ በ1996 የተጀመረ ሥራ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ)። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። ገበሬዎቹ ኮምፖስት ሠሩ፣ እርከን ሠሩ፣ ከብቱን ከልቅ ግጦሽ ያዙ። በኮምፖስት የተዘራው ማሳ ምንም ካልተደረገበት ማሳ እጥፍ ያህል ሰጠ። በብዙ ሰብሎች ላይ በማዳበሪያ ከተዘራውም ተስተካከለ፣ አንዳንዴም በለጠ። ጉልበቱ ለሁለተኛው ዓመትም ስለሚተርፍ ገበሬው በየዓመቱ እዚያው ማሳ ላይ ማግዝ አላስፈለገውም።

ይህንን የሚሰማ ሰው ቸኩሎ «በቃ፣ ዩሪያ ለምን እናስገባለን?» ሊል ይችላል። ቀስ ነው። መሬቱ የተጎዳ፣ ምርቱም ከመነሻው ዝቅተኛ ነበር። ከታች ለተነሳ ማሳ ኮምፖስት ከፍታ ነው። በማዳበሪያና በምርጥ ዘር 40 እና 50 ኩንታል ስንዴ ለለመደ ማሳ ግን ወደ ኦርጋኒክ መዞር ቁልቁለት ይሆናል፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። የዓለም ጥናቶች ሲደመሩ የሚሉትም ይህንኑ ነው። በ2012 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ድምር የኦርጋኒክ ምርት ከመደበኛው በአማካይ 25 በመቶ እንደሚያንስ አሳየ። እንደ ሰብሉና እንደ አያያዙ ልዩነቱ ከ5 እስከ 34 በመቶ ይደርሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ድምር ደግሞ 19 በመቶ ገደማ አለ።

ምርት አነሰ ማለት ግን ትርፍ አነሰ ማለት አይደለም። በ2015 ዴቪድ ክራውደርና ጆን ሬጋኖልድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከማሳው ወደ ኪሱ ተሻገሩ። በአምስት አህጉር፣ በ55 ሰብሎች ላይ፣ በ40 ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ መረጃ አገላበጡ። ገበሬው ለኦርጋኒክ የሚከፈለውን ልዩ ዋጋ ሲያገኝ ከመደበኛው ገበሬ ከ22 እስከ 35 በመቶ የበለጠ አትራፊ ሆነ። ልዩ ዋጋው ሲነሳበት ግን ከመደበኛው በታች ወረደ። የሠራተኛ ወጪውም በማንኛውም መንገድ ይበልጣል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከመደበኛው ጋር እኩል ለመሆን ኦርጋኒኩ የሚያስፈልገው የዋጋ ጭማሪ ከ5 እስከ 7 በመቶ ብቻ ነበር። ገበያው ይከፍል የነበረው ደግሞ 30 በመቶ ገደማ።

ኦርጋኒክን ንግድ ያደረገችው ይህች በመሃል ያለች ትርፍ ናት። ግን የምትገኘው ወረቀት ላለው ነው። ሰርተፍኬት ላለው።

ወደ ቡናችን የምንመጣው እዚህ ጋ ነው።

አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና ማዳበሪያም ፀረ ተባይም አይነካውም። ጫካ ቡና፣ ከፊል ጫካ፣ የጓሮ ቡና ነው። ጥላው ዋንዛና ብሳና፣ ምግቡ የረገፈ ቅጠል። ምርቱ በሄክታር ከ6 እስከ 7 ኩንታል ገደማ ነው። ቬትናም ማዳበሪያና ውሃ እያጠጣች በሄክታር ከ25 ኩንታል በላይ ታነሳለች። እርግጥ የእሷ ሮቡስታ ነው፣ የእኛ አረቢካ። ቢሆንም ልዩነቱ ከዝርያ ያለፈ ነው። እንግዲህ የጅማ ወይም የኢሉ አባ ቦር ገበሬ የኦርጋኒክን ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል። ምርቱ አንሷል። የሚገባውን ዋጋ ግን አላገኘም፤ ወረቀት የለውማ። ቡናው ከሌላው ጋር ተደባልቆ በመደበኛ ዋጋ ይሸጣል።

ወረቀት ያላቸውም አሉ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002 ተቋቁመው የአባሎቻቸውን ቡና በኦርጋኒክና በፌርትሬድ (ለገበሬው ፍትሐዊ ዋጋ ተከፍሏል የሚል ማረጋገጫ ነው) ስም ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። አገራችን በአንዳንድ ዓመታት ቆጠራ በኦርጋኒክ አምራች ብዛት ከህንድና ከኡጋንዳ ቀጥላ ተቀምጣለች፤ ከ200 ሺ በላይ ገበሬዎች ይዛ። ሕግም አለን፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 ወጥቷል። 1998 ላይ፣ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር።

ወረቀቱ ስንት ያመጣል? ፌርትሬድን እንይ፣ ዋጋው በግልጽ የተጻፈ ነውና። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ዝቅተኛው ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ1.40 ወደ 1.80 ዶላር ከፍ አለ። ኦርጋኒክ ከሆነ የሚጨመረው ደግሞ ከ30 ወደ 40 ሳንቲም። 40 ሳንቲም በ1.80 ላይ 22 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ግን የኒው ዮርክ ገበያ ላይ ቡና ከ4 ዶላር አለፈ። 40 ሳንቲሟ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ድርሻዋ ወደ 10 በመቶ ወረደ። የሰርተፍኬቱ ወጪ ግን እንዳለ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ መዝገብ ይያዛል፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ይጎበኛል።

እንዲህ ባለ ዓመት ገበሬው ምን ያደርጋል? እሸት ቡናውን ለማህበሩ ሰጥቶ የዓመቱን ትርፍ ክፍፍል ከመጠበቅ፣ በር ድረስ ጥሬ ብር ይዞ ለመጣ ሰብሳቢ ይሸጣል። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ዛሬ ነው። ማህበሩም በኦርጋኒክ ስም የሚልከው ቡና እያነሰው፣ ወጪው ሳይቀንስለት ይቀራል። ቡና ሲወደድ ኦርጋኒክ የሚጎዳበት ይህ ነገር ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል፤ የማህበር ሒሳብ ሠራተኛን ብትጠይቁት ግን ሳይጨርስ አይለቃችሁም።

ልዩ ዋጋው የሸማቹን ኪስም ያዳምጣል። በ2022 አውሮፓ ውስጥ ኑሮ ሲወደድ ጀርመን ላይ የኦርጋኒክ ምግብ ሽያጭ 3.5 በመቶ ቀነሰ። ጀርመን ትንሽ ገበያ አይደለችም፤ ከአሜሪካ ቀጥሎ ትልቋ የኦርጋኒክ ሸማች ነበረች። በርሊን ያለች እናት ርካሹን ወተት ስትመርጥ ሌላ አህጉር ያለ ገበሬ ቅርጫት ይቀላል።

የጆንያውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያዋን ዘጋች ማለት ይቻላል። ያኔ ጃፓን ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። መድኃኒት ተረጭቶበት የማያውቅ ቡና እንዴት? ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ያላደረገውን ጥፋት ጆንያ አደረገበት። ዛሬም የኦርጋኒክ ተቆጣጣሪ ማህበር ጎተራ ሲገባ አንዱ የሚያየው መያዣውን ነው። በእኛ አገር ደግሞ «ማዳበሪያ» ማለት ከረጢቱም ጭምር ነው። እህል በማዳበሪያ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ። ኦርጋኒክ ቡና በማዳበሪያ ከተሞላ ግን የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። የአውሮፓ ህብረት ቁጥር 2018/848 የተባለ የኦርጋኒክ ደንብ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ለእኛ ዓይነት አገሮች የተሰጠው የመሸጋገሪያ ጊዜም አልቋል። ድሮ የአገሩ አሠራር ከአውሮፓው ጋር «ተመጣጣኝ» ከሆነ ይበቃ ነበር። አሁን ደንቡ እንዳለ መከበር አለበት። ከሁሉ የከበደው የቁጥሩ ነገር ነው። አንድ ሰርተፍኬት የሚይዝ የገበሬዎች ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ አይችልም። ቡድኑ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው፣ የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ይኑረው ይላል። ከአባላቱ ቢያንስ 5 በመቶው ማሳ በየዓመቱ በውጭ ተቆጣጣሪ እንደገና ይታያል። 40 ሺ አባል ያለው ዩኒየን ቢኖር ቢያንስ 20 ቡድን መሆን አለበት። 20 መዝገብ፣ 20 የውስጥ ቁጥጥር፣ 20 ሰርተፍኬት። ብራስልስ ውስጥ ይህንን የጻፈው ሰው ዝናብ በጣለ ማግስት የከፋን የገጠር መንገድ ያየ አይመስለኝም።

ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ እሱን መካድ አልፈልግም። ድሮ ሰርተፍኬቱን ላኪው ነጋዴ በስሙ ይይዝና ገበሬው ለእሱ ብቻ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ለሌላ ቢሸጥ ቡናው ኦርጋኒክ መባሉ ይቀራል። በአዲሱ ደንብ ወረቀቱ የገበሬዎቹ ቡድን ነው። ወጪውን የሚችሉት ከሆነ ማለት ነው፤ ካልቻሉት ላኪው በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል።

በመደበኛው በኩል ያለው ሂሳብም ያን ያህል የጸና አይደለም። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ዋጋው ከጋዝ ጋር ይወጣል፣ ከጋዝ ጋር ይወርዳል። በ2020 በዓለም ገበያ በቶን 230 ዶላር አካባቢ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በ2022 ሚያዝያ አካባቢ 900 ዶላር አለፈ። እኛ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው የምናስገባው፤ በዶላር። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ገባ። መንግሥት ድጎማ ባያደርግ ያ ሁሉ ገበሬው ጫንቃ ላይ ይወርድ ነበር። ድጎማውም ቢሆን ከሰማይ አይወርድም። በመደበኛ የሚያርሰው ገበሬ ርካሽ ያመርታል ስንል የከፈለው ማን እንደሆነ መደበቃችን ነው።

በኦገስት 2025 ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሟል። የሶማሌ ክልል ጋዝ ቅርብ ነው። ከተሳካ የዶላሩ ነገር ይቀላል። ከዚህ በፊት ኢሉ አባ ቦር ውስጥ ያዩ በተባለ ቦታ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ተጀምሮ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ብዙ ገንዘብ ከበላ በኋላ ቆመ። ያዩ ደግሞ ዩኔስኮ በ2010 የመዘገበው የጫካ ቡና መገኛ ነው። ዩሪያ የማያውቀው ቡና ጫካ ሥር ነው የዩሪያ ፋብሪካ የተጀመረው።

በአዋጅ ኦርጋኒክ መሆንም ተሞክሯል። ስሪላንካ በሜይ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያና የፀረ ተባይ ምርት እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለች። ገበሬው በቂ ኮምፖስት አልነበረውም፤ አህያዋ እንግዲህ እዚህ ጋ ናት። የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ ዋጋ ናረ፣ በሩዝ ራሷን ችላ የነበረች አገር ከውጭ ገዛች። የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣላት ሻይም ተመታ። ኖቬምበር ላይ እገዳው ላላ፤ በቀጣዩ ጁላይ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሸሹ። ለውድቀታቸው ማዳበሪያ ብቻ ምክንያት አልነበረም። እገዳውን ያመጣው ግን የአፈር ፍቅር ብቻ ሳይሆን የዶላር እጥረትም ነበር፤ ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ እሱ ይመስለኛል። ዶላር ሲጠፋ «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም።

ወደ ኦርጋኒክ መዞር ጊዜ ይወስዳል። በአውሮፓው ደንብ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው የኦርጋኒክን ምርት ያነሳል፣ የመደበኛውን ዋጋ ይቀበላል። ኬንያ ውስጥ ቹካና ቲካ ላይ ከ2007 ጀምሮ የሚካሄድ የረጅም ጊዜ ሙከራ አለ። እዚያም ኦርጋኒኩ በትርፍ መብለጥ የጀመረው ከአምስተኛው ዓመት ገደማ ወዲህ ነው፤ እሱም ልዩ ዋጋ ተጨምሮበት። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው አምስት ዓመት በምን ይጠብቃል? በጥናቶቹ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ዓምድ የለም።

ሁሉንም ወረቀት ከብራስልስ መጠበቅ ግድ ነው ወይ? ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ2007 የጋራ የምሥራቅ አፍሪካ የኦርጋኒክ ደረጃ አውጥተዋል፤ «ኪሊሞሃይ» የሚል ምልክትም አላቸው። ለአገር ውስጥ ገበያ ውድ ተቆጣጣሪ ሳይጠሩ፣ ገበሬዎች እርስ በርስ እየተጎበኛኙና እየተዋዋሱ የሚሠሩበት መንገድም አለ። ዋስትናን ከዕድርና ከዕቁብ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ገዢውም አለ። አዲስ አበባ ላይ ኦርጋኒክ የሚለውን ቃል የማይሰማ ሰው «የሀበሻ» ለሚለው ግን ጨምሮ ይከፍላል። የሀበሻ እንቁላል፣ የሀበሻ ዶሮ፣ የሀበሻ ጎመን። ልዩ ዋጋ ማለት ይኸው ነው፤ የጎደለው ማረጋገጫው ነው። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሰፈራችን ገበያ ላይ «የሀበሻ» ተብዬ ትንንሽ እንቁላል በውድ ገዛሁ። ቤት ስሰብረው አስኳሉ ነጣ ያለ፣ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ይመስላል። ተመልሼ ሄድኩና «እማማ፣ የሀበሻ መሆኑን በምን ላውቅ?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ እኔን እያየህ?»